«ሂ ሴድ አይ ቱክ ዘ መኒ»፦ ሰዋስው አራሚው የሚያልፋቸው የእንግሊዝኛ ስህተቶቻችን

አንድ ሠራተኛ ለአለቃው በእንግሊዝኛ «ሂ ሴድ አይ ቱክ ዘ መኒ» ብሎ ጻፈ እንበል። በልቡ ያለው አማርኛ «ብሩን ወስጃለሁ አለ» የሚለው ነው፤ ባልደረባው ራሱ ማመኑን መናገሩ ነው። እንግሊዝኛውን የሚያነበው አለቃ ግን የሚረዳው ሌላ ነው፦ ባልደረባው «ብሩን የወሰደው ይህ ደብዳቤ ጸሐፊ ነው» ብሏል። ዐረፍተ ነገሩ የፊደል ግድፈት የለበትም፣ ባለቤቱና ግሱ ተስማምተዋል፣ ጊዜውም ትክክል ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለው ሰዋስው አራሚ ቀይ መስመር የሚያሰምርበት ቦታ አያገኝም። ሌባው ግን ተቀይሯል።

እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ይህንኑ አጽንቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም፤ ያም በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ ብዙ ምክንያት ተደርድሯል። ቋንቋ ብቻውን ያንን ውጤት አላመጣም። ሆኖም የጥያቄውን ዐረፍተ ነገር አንብቦ መፍታት ያልቻለ ልጅ ፊዚክሱን ቢያውቅም መልሱን ማግኘት አይችልም። በውጭ አገር ለሚኖረው ወገን ደግሞ ነገሩ ከፈተና ነጥብ ያለፈ ነው፤ የሆስፒታል ቅጽ፣ የፍርድ ቤት ቃል፣ የቤት ኪራይ ውል ሆኖ ይመጣል።

እኛ የሰዋስው ስህተትን ሁሉ በአንድ ሚዛን የመመዘን ልማድ አለብን። «ኤስ» የተረሳበት ግስና ትርጉሙ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር እኩል አንድ ነጥብ ያስቀንሳሉ። የመማሪያ መጽሐፎቹም ሕጉን የሚያስተምሩት ተማሪው ከየትም ይምጣ በሚል መንፈስ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ የት ላይ እንደሚሰናከል ለይተው አይነግሩትም። ብዙው ስህተታችን ግን በአማርኛ ፍጹም ትክክል የሆነ ዐረፍተ ነገር ነው፣ የእንግሊዝኛ ቃል ለብሶ የወጣ። ሥሩን ያወቀ ሰው ሕግ መሸምደድ አያስፈልገውም። ቅድሚያ መሰጠት ያለበትም ትርጉም ለሚገለብጡት ነው።

«አለ» የሚባለው ወጥመድ

በአማርኛ የሰው ንግግር ስንዘግብ ተናጋሪው «እኔ» እንዳለ እንተወዋለን። «አልማዝ ነገ እመጣለሁ አለች» ስንል የምትመጣው አልማዝ እንደሆነች ማንም አይጠራጠርም። ይህ የሰውን ቃል እንዳለ መጥቀስ ብቻ እንዳይመስል፣ «አልማዝ ምን እገዛለሁ አለች?» ብለን እንጠይቃለን። «ምን» የእኛ ጥያቄ ነው፣ «እገዛለሁ» ግን የእሷ አፍ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰላም ናቸው።

ይህ ጠባይ አማርኛን በዓለም የቋንቋ ጥናት ውስጥ ስመ ጥር አድርጎታል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራው «እኔ» የሚል ቃል ምንጊዜም የሚያመለክተው አሁን የሚናገረውን ሰው ነው፣ ይህን የሚያዛባ አገባብ «ጭራቅ» ነው ሲል ተከራክሮ ነበር። ፊሊፕ ሽሌንከር በ2003 እ.ኤ.አ. መልስ ሲሰጥ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ዋናው የእኛው «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» ነው። ጀግናው ጆን እንጂ ተናጋሪው አይደለም። እኛ ሳናስበው በየቀኑ የምንለው ነገር ለሊቃውንቱ የክርክር ርእስ ሆነ።

እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ «አለ» ወይም «አለኝ» ያለበትን ሐሳብ ሲያሻግሩ የሚሠሩት ሥራ ሦስት ነው። በመጀመሪያ ተናጋሪውን መለየት፤ «እመጣለሁ» ያለው ወንድ ከሆነ «አይ» ወደ «ሂ»፣ ሴት ከሆነች ወደ «ሺ» ይዞራል። ቀጥሎ ጊዜውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሳብ፤ «ዊል» «ዉድ» ይሆናል፣ «አም» «ዋዝ» ይሆናል፣ «ሃቭ ቴከን» «ሃድ ቴከን» ይሆናል። በመጨረሻ «ቱሞሮው»ን የመሰሉ ቃላት ማየት፤ ያ ነገ ካለፈ «ዘ ኔክስት ዴይ» መባል አለበት። በዚህ መሠረት የሠራተኛው ደብዳቤ «ሂ ሴድ ዛት ሂ ሃድ ቴከን ዘ መኒ» ይሆናል። የሰውዬውን ቃል እንዳለ ማስፈር የሚፈልግ ሰው ትምህርተ ጥቅስ ያድርግበት፤ በንግግር ላይ ግን ትምህርተ ጥቅስ አይሰማምና ለአስተርጓሚ ይህ መውጫ አይሆነውም።

እግረ መንገድ፦ «አለኝ» የሚለው ቃል «ሴድ ሚ» የሚል ስህተት ይወልዳል። «ቶልድ»ን ሰውየው በቀጥታ ይከተለዋል፣ «ቶልድ ሚ»። «ሴድ» ግን ድልድይ ይፈልጋል፣ «ሴድ ቱ ሚ»።

አዎ ስንል አይደለም፣ አይደለም ስንል አዎ

«አልመጣም እንዴ?» ለሚለው ጥያቄ ያልመጣ ከሆነ «አዎ፣ አልመጣም» እንላለን። «አዎ» የጠያቂውን ግምት ማጽደቂያ ነው። በእንግሊዝኛ «የስ»ና «ኖ» ስለ ጠያቂው ግምት ግድ የላቸውም፤ የሚስማሙት ከራሱ ከመልሱ ግስ ጋር ነው። ነገሩ ከተፈጸመ «የስ»፣ ካልተፈጸመ «ኖ»፤ ጥያቄው በአዎንታም ይጠየቅ በአሉታ።

ጉዳቱ የሚታየው ሐኪም ዘንድ ነው። ነርሷ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?» ብላ ትጠይቃለች። ምንም አለርጂ የሌለበት ሰው በአማርኛ ስሜት «የስ» ይላል፤ እሷ የምትሰማው «አለብኝ» የሚል ነው። የባሰው ግን ተገላቢጦሹ ነው፦ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው «የለም፣ እንዲያውስ አለብኝ» ለማለት በ«ኖ» ጀምሮ ቀሪውን ሳይጨርስ ጥያቄው ሊያልፍ ይችላል። መፍትሔው አንድ ነው፤ ባዶ «የስ» ወይም ባዶ «ኖ» አለመመለስ። «ኖ፣ አይ ዶንት» ወይም «የስ፣ አይ ዱ» ብሎ ግሱን መጨመር። ሁለቱ ከተጋጩ ጠያቂው ራሱ ደግሞ ይጠይቃል። አስተርጓሚዎችም ጥያቄውን በአዎንታ ቀይረው ቢያቀርቡት ብዙ ችግር ይድናል። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» ለሚልም ሰው መፍቀጃው «ኖ» መሆኑን ልብ ይሏል፤ «ቅር ይልሃል?» ነው ያለው።

«ካልከፈለ በስተቀር»ና «እስከ ዓርብ»

አማርኛ «ካልከፈለ በስተቀር» ሲል «አል» የሚለውን አሉታ በግሱ ውስጥ ይዟል። ይህን ቃል በቃል ያሻገረ ሰው «አንለስ ሂ ዳዝ ኖት ፔይ» ይጽፋል። «አንለስ» ግን ብቻውን «ካል...» ማለት ነው፤ አሉታው በሆዱ አለ። ሌላ «ኖት» ሲጨመርበት ሐሳቡ ይገለበጣል። «ገዢው ካልከፈለ በስተቀር ዕቃውን አይረከብም» ለማለት የታሰበ ውል በእንግሊዝኛው የማይከፍለው ገዢ ዕቃ እንዳይረከብ ከማዘዝ ይልቅ፣ የሚከፍለው እንዳይረከብ የሚያዝ ወይም ማንም ትርጉም የማያወጣለት አንቀጽ ይሆናል። ትክክለኛው «አንለስ ሂ ፔይስ» ነው፤ አለዚያም «ኢፍ ሂ ዳዝ ኖት ፔይ»። «አንለስ»ና «ኖት» በአንድ ሐረግ ሲገናኙ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

«እስከ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ለሁለት የተከፈለ ቃል ነው። «እስከ ዓርብ ጠብቀኝ» እና «እስከ ዓርብ ላክልኝ» በአማርኛ አንድ ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ድርጊት ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ ስለዚህ «አንቲል ፍራይዴይ»። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያበቃል፣ ዓርብ የመጨረሻው ገደብ ነው፣ ስለዚህ «ባይ ፍራይዴይ»። ጠብቅ፣ ቆይ፣ ሥራ፣ ኑር ከሚሉት ጋር «አንቲል»፤ ጨርስ፣ ክፈል፣ ላክ፣ ድረስ ከሚሉት ጋር «ባይ»። «አይ ዊል ፔይ አንቲል ፍራይዴይ» ያለ ሰው በየቀኑ እየከፈለ ዓርብ ዕለት እንደሚያቆም ነው የተናገረው።

ከዚሁ ተራ የሚመደብ አንድ ሌላ አለ። አማርኛ «ሰለቸኝ» ሲል ነገሩን አድራጊ፣ ሰውየውን ተቀባይ ያደርጋል። እንግሊዝኛው ሁለት ቅጽል ያወጣል፤ ስሜቱን የሚፈጥረው ነገር በ«ኢንግ» ያልቃል፣ ስሜቱ የደረሰበት ሰው በ«ኢድ»። «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ሰው «እኔ አሰልቺ ነኝ» ብሎ ስለ ራሱ መስክሯል። ማለት የፈለገው «አይ አም ቦርድ» ነበር።

አንድ «አይቼዋለሁ»፣ ሦስት እንግሊዝኛ

ከዚህ በኋላ ያሉት ሐሳብን ብዙም አያበላሹም፤ ነጥብ ግን ይበላሉ፣ በሥራ ማመልከቻም ላይ ጎልተው ይታያሉ። ቀዳሚው ፕረዘንት ፐርፌክት ነው። ተማሪ ሁሉ የሚማረው «ሃቭ ሲን» ማለት «አይቻለሁ» ነው እየተባለ ነው። የችግሩ መነሻም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም የአማርኛው «አይቻለሁ» ከእንግሊዝኛው ሰፊ ነው።

«ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ምንም ነውር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን ያለፈና የተዘጋ ጊዜ በስሙ ከተጠራ፣ ማለትም «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2015»፣ «ቱ ዴይስ አጎ» ከመጣ፣ «ሃቭ» ይወጣል። «አይ ሃቭ ሜት ሂም የስተርዴይ» ስህተት ነው፤ «አይ ሜት ሂም የስተርዴይ» ነው። «ተኝቷል» ስንልም የምናወራው አሁን ስላለበት ሁኔታ ነው። «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ብሎ ስልክ የመለሰ ሰው «ተኝቶ ተነሥቷል» ብሏል፤ ትክክለኛው «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ነው። «ርቦኛል»፣ «ለብሻለሁ»፣ «ተቀምጠዋል»፣ «ወጥተዋል» ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው፤ «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ አም ዌሪንግ»፣ «ዘይ አር ሲቲንግ»፣ «ዘይ አር አውት»።

ስለዚህ «...ኣለሁ» ወይም «...ኣል» የሚል ግስ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አሁን የሚታይ ሁኔታ ነው ወይ? ከሆነ «አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር»። ካልሆነ፣ ጊዜው ተጠርቷል ወይ? ከተጠራ ተራው ያለፈ ጊዜ። ሁለቱም ካልሆነ «ሃቭ» ቦታው ነው።

«እዚህ ከሦስት ዓመት ጀምሮ እየኖርኩ ነው» የሚለው ደግሞ «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ስሪ ይርስ» ሆኖ ሁለት ጊዜ ይሰናከላል። ትናንት ተጀምሮ ዛሬም ያልቆመ ነገር «ሃቭ» ይፈልጋል፤ የጊዜ ርዝመት «ፎር»ን፣ መነሻ ነጥብ «ሲንስ»ን ይወስዳል። «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ»፣ ወይም «ሲንስ 2022»። አሜሪካ ያለ አንባቢ «አይ ጀስት ኤት» የሚል በየቀኑ ሊሰማ ይችላል፤ «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ»፣ «የት» ባሉበት አሜሪካኖች ያለፈውን ጊዜ ይጠቀማሉ፣ እንግሊዞች ግን «አይ ሃቭ ጀስት ኢተን» የሚለውን ይመርጣሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የወደፊት ጊዜውም የራሱ መሰናክል አለው። «ሲመጣ እነግረዋለሁ» ውስጥ «ሲመጣ» ወደፊት መሆኑ ስለሚሰማን «ዌን ሂ ዊል ካም» እንላለን። ከ«ዌን»፣ «ኢፍ»፣ «ቢፎር»፣ «አፍተር»፣ «አንቲል»ና «አዝ ሱን አዝ» በኋላ እንዲህ ያለው «ዊል» አይገባም፤ «ዌን ሂ ካምስ» ነው። «ዊል» ለዋናው ዐረፍተ ነገር ይቀመጣል።

«የገዛሁት» ውስጥ የተደበቀችው «ት»

«የገዛሁት መጽሐፍ» የሚለውን ፈታ አድርገን እንየው። «የ» አያያዥ፣ «ገዛ» ግስ፣ «ሁ» እኔ፣ «ት» መጽሐፉ። «ት» ተሳቢዋን መልሳ የምትጠራ ተውላጠ ስም ናት፤ ብናወጣት አማርኛው ይጎድላል። «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» የሚለው ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የተለጠፈው «ኢት» ይህችው «ት» ናት። በእንግሊዝኛ «ዊች» ራሱ የተሳቢውን ቦታ ስለያዘ ሁለተኛ ተወካይ አያስፈልግም፤ «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት» ይበቃል፣ «ዊች»ንም አውጥቶ «ዘ ቡክ አይ ቦት» ማለት ይቻላል።

«የመጣሁበት መኪና» ላይ «በት» አለች። ከ«በት» ውስጥ «ት» ትቀራለች፣ «በ» ግን መቅረት የለባትም፤ እንግሊዝኛው «ዘ ካር አይ ኬም ኢን» ይላል። መስተዋድዱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ብዙ መምህር ይህን በቀይ ይሰርዘዋል፣ «ዐረፍተ ነገር በፕሪፖዚሽን አያልቅም» በሚል። ይህ ሕግ ታሪኩ ይታወቃል፤ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ድራይደን በ1672 እ.ኤ.አ. ቀዳሚውን ጸሐፌ ተውኔት ቤን ጆንሰንን የነቀፈበት ነው፣ ከላቲን ጋር የማመሳሰል ምኞት ኖሮበት በኋላ ሰዋስው ጸሐፊዎች አጸኑት። የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ሕዝብ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም በመስተዋድድ ሲጨርስ ኖሯል። ለመደበኛ ደብዳቤ «ዘ ካር ኢን ዊች አይ ኬም» ማለት ያምራል፤ ሁለቱን ደርቦ «ኢን ዊች አይ ኬም ኢን» ማለት ግን በየትኛውም የአጻጻፍ ስልት ስህተት ነው።

ድርብ ማሰሪያ ሌላውም ቦታ ይከተለናል። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ሄድን» በአማርኛ ጥሩ ነው፤ «ኦልዞው» እና «ባት» በአንድ ላይ ግን አይሄዱም። ሁለት ሐሳብ በአንድ አያያዥ ይታሰራል። «አይደል?» ደግሞ ለሁሉም ሰውና ጊዜ ስለሚያገለግለን «ዩ አር ካሚንግ፣ ኢዝንት ኢት?» እንላለን። የእንግሊዝኛው ጅራት የፊተኛውን ግስና ባለቤት ይከተላል፦ «አርንት ዩ?»። «ተወለድኩ» አንድ ቃል በመሆኑ በየሲቪው «አይ ቦርን ኢን ጎንደር» ይጻፋል፤ «ዋዝ» ቀርታለች። «ዲስከስ» «ስለ» የሚለውን በሆዱ ይዟል፣ «ዲስከስ አባውት» አይባልም። «ሜሪድ ዊዝ»ም የመጣው «ከእሷ ጋር ተጋባ» ከሚለው ነው፤ «ሜሪድ ቱ» ነው።

አርቲክል በፊደላችን

አማርኛ «መጽሐፉ» ሲል «ኡ» የ«ዘ»ን ሥራ ትሠራለች፤ «መጽሐፍ ገዛሁ» ሲል ግን ስሙ ባዶውን ይቆማል። በእንግሊዝኛ የሚቆጠርና ነጠላ የሆነ ስም ባዶውን መቆም አይችልም። «ሺ ኢዝ ቲቸር» የሚጎድለው ይህ ነው፤ «ሺ ኢዝ ኤ ቲቸር»። ሰሚው የትኛው እንደሆነ ካወቀ «ዘ»፣ ካላወቀ «ኤ» ወይም «አን»፣ ስሙ ብዙ ወይም የማይቆጠር ሆኖ በጥቅሉ ከተወራ ምንም። «ዘ ላይፍ ኢዝ ሃርድ» አይባልም፣ «ላይፍ ኢዝ ሃርድ» ነው።

«ኤ» እና «አን» ለመለየት መጻፊያው የላቲን ፊደል ያሳስታል፤ የሚወስነው ድምፁ ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይረዳናል። ቃሉን በአማርኛ ፊደል ይጻፉት፤ ከ«አ» ቤተሰብ በአንዱ ከጀመረ «አን»፣ በሌላ ከጀመረ «ኤ»። አወር፣ ስለዚህ «አን አወር»። ኦነስት፣ «አን ኦነስት ማን»። ኤንጂኦ፣ «አን ኤንጂኦ»። ዩኒቨርሲቲ በ«ዩ» ይጀምራል፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»። ዩሮፒያንና ዋን ዌይም እንደዚሁ። በእንግሊዝኛው ፊደል «ኤች»፣ «ዩ»፣ «ኦ» የሚያምታቱት ሁሉ በዚህ ይጠራሉ።

ለቦታ ስም፦ ወንዝና ባሕር «ዘ» ይወስዳሉ፣ «ዘ ብሉ ናይል»፣ «ዘ ሬድ ሲ»። ሐይቅና አንድ ተራራ አይወስዱም፣ ሌክ ታና፣ ራስ ዳሽን፤ ሰንሰለት ተራራ ግን ይወስዳል፣ «ዘ ሲሚየን ማውንቴንስ»። አገር ባዶውን ነው፣ ከ«ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»፣ «ዘ ኔዘርላንድስ»፣ «ዘ ጋምቢያ» እና መሰሎቻቸው በቀር።

ቁጥር ላይ አማርኛ ለጋስ ነው፤ «አምስት ሰው»፣ «ሁለት ልጅ» ይበቃል። እንግሊዝኛ ከአንድ በላይ ሲሆን ብዙ ቁጥር ያስገድዳል። በተቃራኒው እኛ «መረጃዎች»፣ «ምክሮች»፣ «ማስረጃዎች» ስንል እንግሊዝኛው «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኤቪደንስ» ላይ «ኤስ» አይቀበልም። «ፈርኒቸር»፣ «ሆምወርክ»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «ለጌጅ»ም እንዲሁ። መቁጠር ከተፈለገ «ኤ ፒስ ኦቭ አድቫይስ»።

አምስት ሚሊዮን ዶላር ያወጣች ሰረዝ

ነጠላ ሰረዝ የጌጥ ነገር የሚመስለው ካለ በአሜሪካ የሜይን ግዛት የወተት ሾፌሮችን ጉዳይ ይመልከት። የግዛቱ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይከፈልባቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር በቆርቆሮ ማሸግን፣ ማቀነባበርን፣ ማከማቸትንና ሌሎችንም ጠቅሶ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቡሽን» በሚል ያበቃል። ከ«ሺፕመንት» በኋላ ሰረዝ አልነበረም። ታዲያ ሕጉ የሚለው «ለመላክ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ነው ወይስ «ለመላክ ማሸግ፣ ወይም ማከፋፈል»? ሾፌሮቹ ያከፋፍላሉ፣ አያሽጉም። በ2017 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ አንቀጹ አሻሚ ነው ብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ አሠሪያቸው ኦክኸርስት ዴይሪ በቀጣዩ ዓመት በ5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ሕግ አውጪዎቹም ዝርዝሩን በነጥብ ሰረዝ ለያይተው ጻፉት። ጋዜጦች ከመጨረሻው «አንድ» («እና») ወይም «ኦር» («ወይም») በፊት ያለችውን ሰረዝ ብዙ ጊዜ ይተዋሉ። ውልና የጥናት ጽሑፍ ላይ ግን ማስቀመጡ ይሻላል።

የእኛ የተለመደ ስህተት ግን ሰረዝ ማነስ ሳይሆን ሰረዝ አለቦታዋ መዋሏ ነው። «መጥቶ፣ በልቶ፣ ተኛ» እያልን ግስ በግስ ላይ ስንቀጥል አማርኛ ይፈስሳል። በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገር በሰረዝ ብቻ ሊያያዝ አይችልም። ወይ ነጥብ፣ ወይ ነጥብ ሰረዝ፣ ወይ ሰረዝ ከ«አንድ»፣ «ባት» ወይም «ሶ» ጋር።

ሰው የሚደክምባቸው ባዶ ሕጎች

«በባት ወይም በአንድ አትጀምር» የሚለው የሕፃናት ክፍል ምክር ነው፤ ልጆች በየመስመሩ «አንድ» እንዳይሉ የተባለ። «ቱ»ንና ግሱን አትለይ የሚለውም በ19ኛው መቶ ዘመን የጠነከረ ምርጫ እንጂ የቋንቋው ሥርዓት አይደለም። «ዘይ» ለአንድ ሰው ማለት አዲስ ፋሽን ነው የሚሉም ተሳስተዋል፤ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አለ። የአሜሪካው መዝገበ ቃላት ሜሪየም ዌብስተር በ2019 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቃል አደረገው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ጨርሶ ሊያስገርም አይገባም፤ «አቶ በቀለ መጡ» ስንል አንድን ሰው በብዙ ቁጥር ግስ እየጠራን ነው። ብሔራዊ ፈተና ላይ ያለ ተማሪ ግን መጽሐፉ የሚለውን ይከተል፤ ፈታኙ የሚያርመው በዚያ ነው።

አንድ የሥራ ማመልከቻ ላይ ሁሉንም በአንድ እንያቸው። «አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ ኢን ዘ ጆብ ዊች ዩ ፖስትድ ኢት ላስት ዊክ። አይ ቦርን ኢን ደሴ። አይ አም ወርኪንግ አዝ አካውንታንት ሲንስ ፋይቭ ይርስ። አይ ዊል ሴንድ ማይ ዶክመንትስ አንቲል ፍራይዴይ።» እያንዳንዱ መስመር በአማርኛ ቢመለስ እንከን የለውም። ሲታረም፦ «አይ አም ቬሪ ኢንተረስትድ ኢን ዘ ጆብ ዩ ፖስትድ ላስት ዊክ። አይ ዋዝ ቦርን ኢን ደሴ። አይ ሃቭ ወርክድ አዝ አን አካውንታንት ፎር ፋይቭ ይርስ። አይ ዊል ሴንድ ማይ ዶክመንትስ ባይ ፍራይዴይ።» የፊተኞቹን ሦስት መስመሮች ጥሩ ሰዋስው አራሚ ሊይዛቸው ይችላል። የመጨረሻው ላይ ግን ሰዋስው አልተጣሰም፤ ሰነዱ ቢዘገይ ዓርብ ደርሶ መገኘት ያለበት መሆኑን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።